ድምፅ ያጣው የምንታምር ዘንዶ

ተረት ልጀምር ነው። ላሟን በበረቷ ተዉልኝ፤ እኔ ዛሬ ያሰርኩት ዘንዶ ነው፤ ያውም የማያገሳ ዘንዶ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት አንድ ሰፈር፣ ምንታምር የምትባል ልጅ ነበረች። ቀን ቀን ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ትቀበላለች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ዓለም ትፈጥራለች። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። በአሮጌ ላፕቶፗ ላይ ወንዝ ታፈሳለች፣ ተራራ ትተክላለች፣ የሚናገሩ ዋርካዎችና ቁልፍ የሚሰርቁ ጉጉቶች ታሰማራለች። ጌም እየሠራች ነው። ተጫዋቹ መንገደኛ ይሆንና ጋሻውን አንግቦ ከአገር አገር ይዞራል፤ ካገኘው ሰው ጋር ይወዳጃል፣ ከጭራቅ ጋር ይጣላል፣ በመጨረሻም ከድልድዩ ማዶ ያለችውን ከተማ ነፃ ያወጣል። ማንም ሥሪ አላላትም፣ ማንም አይከፍላትም። እኩዮቿ ሲያገቡና ሲወልዱ እሷ ዶሮዎቿ ወደ ኋላ እንዳይራመዱ ስትታገል ኖረች። ዶሮዎቹ እስከ ዛሬም ዝናብ ሲዘንብ ወደ ኋላ ይራመዳሉ፤ እሱን ተዉት።

ጌሙ አለቀ ለማለት አንድ ነገር ብቻ ቀረው። ድልድዩ ላይ ዘንዶ አለ። ምንታምር የዘንዶውን እግር መሳል አልሆንላት አለ፤ አንዴ የበግ እግር፣ አንዴ የጠረጴዛ እግር እየመሰለ አስቸገራት። በመጨረሻ ተናደደችና ድልድዩን በሙሉ ጉም አለበሰችው። ዘንዶው ጉሙ ውስጥ ነው፣ አይታይም። መኖሩ የሚታወቀው በድምፁ ብቻ ነው። ሲያገሳ ተጫዋቹ ድንጋይ ሥር ይደበቃል፣ እሳቱ በላዩ ያልፋል፣ ከዚያ ሮጦ ይሻገራል። ዘዴዋን ራሷ ወደደችው። ችግሩ፣ ዘንዶው ድምፅ የለውም። ድምፅ የሌለው ዘንዶ ከጉም ውስጥ ድንገት እሳት ሲተፋ ተጫዋቹ ምን እንደ ነካው ሳያውቅ ከሰል ይሆናል።

ከኢንተርኔት ያወረደቻቸው ድምፆች አንዱ ዳገት የከበደው አይሱዙ፣ ሌላው እንቅልፍ ያልጠገበ አንበሳ ሆኑባት። ራሷም ሞከረች። በሩን ዘግታ፣ ስልኳን አፏ አጠገብ አድርጋ ጮኸች። ግን ምንታምር ድምፀ ቀጭን ናት። ሐኪም ቤት «ተራዎ ደርሷል» ስትል ሕመምተኛው ሁሉ «እ? ምን አልሽ?» ይላታል። የቀረጸችውን መልሳ ስትሰማው በራሷ አፈረችና አጠፋችው። ቅዳሜ ደግሞ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ የከተማው ልጆች የሠሩትን የሚያሳዩበት ቀን ነው። ጠረጴዛ ተሰጥቷታል። ዕድሜዋን ያፈሰሰችበትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አደባባይ ልታወጣው ነው። ዘንዶው ካላገሳ ግን የመጣው ሁሉ ድልድዩ ላይ ተቃጥሎ፣ ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል።  የምትፈልገው ያችን አንዲት ድምፅ ብቻ ነበር።

ሰፈሩ ደግሞ ድምፅ ያጣ ሰፈር አይደለም፤ ጋሽ አንማው አሉላችሁ። ጋሽ አንማው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ጥሩምባውን ይነፉና፣ እገሌ አርፏል፣ ለቀብር ውጡ ብለው ይለፍፋሉ። እሳቸው ከላይ ሰፈር ሲጣሩ ወንዝ ዳር ያለ ሰው ከአልጋው ይወርዳል። እሳቸው ያገሱለት ዘንዶ ቢኖር ድልድዩ ራሱ እግር አውጥቶ በሸሸ ነበር። ምንታምር ዓርብ ጠዋት ከሥራ አስፈቀደችና ወደ ጋሽ አንማው ሮጠች። በራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

«ጋሽ አንማው፣ እባክዎ አንዴ ብቻ ይጩኹልኝ። ዘንዶዬ ድምፅ የለውም።»

«ዘንዶ አለሽ እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

«ጌም ውስጥ ነው።»

«ጌም ውስጥ ከሆነ ጥሩ» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የጠረጉት ጉሮሮ ብቻውን ከጣሪያው ላይ ርግብ አስነሣ። «ብጮኽልሽማ በወደድኩ ነበር፣ ልጄ። ግን ይህ ጉሮሮ የእድሩ ነው። ሻምበል ካልፈቀዱ አልጮኽም።»

በሉ እንግዲህ፤ ሻምበል ካልፈቀዱ ጋሽ አንማው አይጮኹም፤ ጋሽ አንማው ካልጮኹ ዘንዶው አያገሳም። ምንታምር ወደ ሻምበል ሄደች።

ሻምበል ወንድይፍራው የእድሩ ዳኛ ናቸው። ከሠራዊት በጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሠራዊቱ ግን ከእሳቸው አልወጣም። እድሩ ቤት ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹን በሰልፍ አስቁመው ሲገመግሙ ደረሰች።

«ሻምበል፣ ጋሽ አንማው እንዲጮኹ ይፍቀዱልኝ። እርስዎ ካልፈቀዱ ጋሽ አንማው አይጮኹም፤ ጋሽ አንማው ካልጮኹ ዘንዶው አያገሳም።»

ሻምበል ስለ ዘንዶው ምንም አልጠየቁም። የእሳቸው ጭንቀት ሌላ ነው።

«ይህ አጀንዳ ነው ወይስ ወሬ?»

«አጀንዳ ነው መሰለኝ።»

«አጀንዳ ከሆነ ተራውን ይጠብቃል። ተራ ቁጥር አንድ ድንኳኑ ነው፤ ያን ሰሞን ነፋስ ቀዶታል። ሰው ቢሞትብን ሐዘንተኛውን የት እናስቀምጣለን? ድንኳኑ ሳይሰፋ ሁለተኛ አጀንዳ አይከፈትም። እኔ ባለሁበት ተራ የሚዘል የለም!»

በሉ እንግዲህ፤ ድንኳኑ ካልተሰፋ ሻምበል አይፈቅዱም፤ ሻምበል ካልፈቀዱ ጋሽ አንማው አይጮኹም፤ ጋሽ አንማው ካልጮኹ ዘንዶው አያገሳም። ምንታምር የተቀደደውን ሸራ ጠቅልላ ተሸከመችና፣ እንደ ጉንዳን ከራሷ የሚበልጥ ነገር ይዛ ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ጋሼ እንድሪስ ወረደች።

ጋሼ እንድሪስ በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው የሚያልፍ የሚያገድመውን ሰላም ይላሉ። ሥራ የፈቱ ልብስ ሰፊ ሲያዩ ጠርጥሩ።

«ጋሼ እንድሪስ፣ ድንኳኑን ይስፉልኝ። ድንኳኑ ካልተሰፋ ሻምበል አይፈቅዱም፤ ሻምበል ካልፈቀዱ ጋሽ አንማው አይጮኹም፤ ጋሽ አንማው ካልጮኹ ዘንዶው አያገሳም።»

«ዘንዶው አያገሳም?» አሉ ከልባቸው አዝነው። «ምስኪን! እኔስ በሰፋሁት። ክሩ አለ፣ እጄም አለ። መኪናዬ ግን አይዞርም። ጠፍሩ ተበጥሷል፤ ተመልከቺ።» እግራቸውን ሰደዱና ረገጡ፤ የታችኛው ጎማ ሽው ብሎ ዞረ፣ ላይ ያለችው መርፌ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«በእጅ ቢሰፉትስ?»

«የድንኳን ሸራ በእጅ? እስከ ነገ ሳይሆን እስከ ልጄ ሠርግ ነው የምሰፋው፤ ልጄ ደግሞ ገና አላጨችም። አያልነህ ጋ ሂጂና አዲስ ጠፍር ይቁረጥልኝ።»

በሉ እንግዲህ፤ ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ድንኳኑ አይሰፋም፤ ድንኳኑ ካልተሰፋ ሻምበል አይፈቅዱም፤ ሻምበል ካልፈቀዱ ጋሽ አንማው አይጮኹም፤ ጋሽ አንማው ካልጮኹ ዘንዶው አያገሳም። ምንታምር ሸራውን እዚያው ጥላ ወደ ጫማ ሰፊው ወደ አያልነህ ሮጠች።

አያልነህ ቅያሱ ውስጥ ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ አለችው። ያን ዕለት ግን ሱቁ ውስጥ አልነበረም። እጁን ኪሱ ከቶ ውጭ ቆሞ የራሱን በር እንደ ሰው ቤት በር ያየዋል።

«አያልነህ፣ ጠፍር ቁረጥልኝ!» አለች እያለከለከች። «ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ድንኳኑ አይሰፋም፤ ድንኳኑ ካልተሰፋ ሻምበል አይፈቅዱም፤ ሻምበል ካልፈቀዱ ጋሽ አንማው አይጮኹም፤ ጋሽ አንማው ካልጮኹ ዘንዶው አያገሳም!»

«ጨረስሽ?» አለ አያልነህ።

«ጨረስኩ።»

«ቆዳው ውስጥ ነው፤ ቢላዋውም ውስጥ ነው። በሩ ደግሞ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። በሩ ላይ ማን እንደ ቆመ አይተሻል?»

አየች። በሩ ላይ አህያ ቆሟል። ግራና ቀኝ የዱቄት ጆንያ ተጭኖ፣ ጎኑን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ርስቱ ላይ እንደ ተቀመጠ ባላባት ዓይኑን ጨፍኗል።

«አትገፋውም?»

«ገፋሁት፤ ገፋኝ። ጎመን ሰጠሁት፤ ጎመኑን በላና እዚያው ቆመ። ከዚህ በላይ እኔ አልችልም፣ አንቺ ሞክሪ።»

በሉ እንግዲህ፣ ትንፋሽ ያላችሁ ተከተሉኝ፤ አህያው ካልሄደ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ድንኳኑ አይሰፋም፤ ድንኳኑ ካልተሰፋ ሻምበል አይፈቅዱም፤ ሻምበል ካልፈቀዱ ጋሽ አንማው አይጮኹም፤ ጋሽ አንማው ካልጮኹ ዘንዶው አያገሳም። ምንታምር ይህን ሁሉ አንድም ሳታስቀር በአህያው ጆሮ አንሾካሾከችለት። ሰው የቸገረው ለት ለማን የማይናገረው ነገር አለ! አህያውም በጨዋ ደንብ ሰማት። አንዱን ጆሮ ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አደረገ፤ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወረና መልሶ ጨፈነ።

«ይህ አህያ የእትዬ ዝማም ነው» አለ አያልነህ። «እሳቸው ‹ና› ካላሉት ንጉሥም ቢያዘው አይሄድም።»

«ታዲያ እትዬ ዝማም የት አሉ?»

አያልነህ በአገጩ ወደ ማዕዘኑ ጠቆማት። ምንታምር ዞር ስትል እትዬ ዝማምን አየቻቸው። እትዬ ዝማም የሰፈሩን እህል ከወፍጮ ቤት በአህያ የሚያመላልሱ ሴት ናቸው፤ ወገባቸውን ታጥቀው ሲሄዱ መኪና መንገድ ይለቅላቸዋል። አሁን ግን የግንቡ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ስልካቸው ላይ ተደፍተው፣ መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ይወቅጣሉ።

«እትዬ ዝማም፣ እባክዎ…»

«አታናግሪኝ፣ ድልድይ ላይ ነኝ!»

ምንታምር አንገቷን አስግጋ አየች። በስልኩ መስታወት ላይ ያለውን ጉም ታውቀዋለች፤ እያንዳንዷን ጭጋግ በእጇ ነው የቀባችው። ለካ አንድ ጊዜ እትዬ ዝማም ጥርሳቸውን ታመው ሐኪም ቤት ሲመጡ፣ ተራ እስኪደርሳቸው ሕመሙን እንዲረሱበት ብላ የራሷ ሥራ መሆኑን ሳትነግራቸው ጌሙን ስልካቸው ላይ ጭናላቸው ነበር። ጥርሱ ተነቀለ፣ ጌሙ ቀረ።

ስልኩ ላይ እሳት ቦግ አለ። «ይኸው ደግሞ ተቃጠልኩ!» አሉ እትዬ ዝማም ጭናቸውን መትተው። «ይህ የማይታይ ርጉም! መቼ እንደሚተፋ በምን ልወቅ? ጉሙ ውስጥ እገባለሁ፣ አንድ ሁለት እራመዳለሁ፣ እሳት! ድምፅ እንኳ የለው! ይህን የሠራ ሰው ጤነኛ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ምንታምር።

«እ? ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ይቅርታ። እትዬ ዝማም፣ አህያዎን ይውሰዱልኝ። እርስዎ ካልተነሡ አህያው አይሄድም፤ አህያው ካልሄደ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ድንኳኑ አይሰፋም፤ ድንኳኑ ካልተሰፋ ሻምበል አይፈቅዱም፤ ሻምበል ካልፈቀዱ ጋሽ አንማው አይጮኹም፤ ጋሽ አንማው ካልጮኹ ዘንዶው አያገሳም።»

«እኔም የምለው እሱን ነው!» አሉ እትዬ ዝማም። «ዘንዶው ካላገሳ ድልድዩን አልሻገርም፤ ድልድዩን ካልተሻገርኩ ከዚህች ድንጋይ አልነሣም። አህያው ቆሞ ይጠብቀኝ፣ ዱቄቱ አይሸሽም።»

እናንተ ደረሳችሁበት? እሷም ደረሰችበት። ዘንዶው ካላገሳ እትዬ ዝማም አይነሡም፤ እትዬ ዝማም ካልተነሡ አህያው አይሄድም፤ አህያው ካልሄደ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጠፍሩ አይቆረጥም፤ ጠፍሩ ካልተቆረጠ መኪናው አይዞርም፤ መኪናው ካልዞረ ድንኳኑ አይሰፋም፤ ድንኳኑ ካልተሰፋ ሻምበል አይፈቅዱም፤ ሻምበል ካልፈቀዱ ጋሽ አንማው አይጮኹም፤ ጋሽ አንማው ካልጮኹ ዘንዶው አያገሳም፤ ዘንዶው ካላገሳ ደግሞ እትዬ ዝማም አይነሡም። ነገሩ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ቀለበት ሆነ። ምንታምር ከእትዬ ዝማም ጎን መሬት ላይ ዘጭ አለች። እንባዋ ዓይኗ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቅዳሜ ነገ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጌም የሚሠሩ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ዛፉ ተስሎ ሳያልቅ በዛፉ ቦታ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ያስቀምጣሉ፤ የውኃ ጉድጓዱ ሳይደርስ በቦታው ሰማያዊ ክብ ያኖራሉ። አያምርም፤ ግን ሌላው ሥራ አይቆምም። «ለጊዜው ነው» ይላሉ። ምንታምርም በዘንዶው ድምፅ ቦታ ለጊዜው የሚቀመጥ አንድ ነገር ፈለገች። ግራ ቀኝ አየች። አያልነህ ጉንፋን ይዞታል። አህያው ጨፍኗል። ከራሷ በቀር ማንም አልነበረም።

«እትዬ ዝማም፣ እንደገና ይግቡ። ዘንዶው መቼ እንደሚተፋ እኔ አውቃለሁ። ስጮኽ ከድንጋዩ ሥር ይደበቁ።»

እትዬ ዝማም ጉሙ ውስጥ ገቡ። ምንታምር አፏን ከፈተች፤ ሲጥ የሚል ነገር ወጣ።

«ይህ ዘንዶ ነው ድመት?» አሉ እትዬ ዝማም፣ ይህን እያሉም ተቃጠሉ።

ሁለተኛ ገቡ። ምንታምር ፊቷ በርበሬ መሰለ። «እ? ምን አልሽ?» ያሏትን ሁሉ በየተራ አሰበች፤ ሐኪሙን፣ ሕመምተኞቹን፣ ወያላውን፣ ወራጅ እያለች ሁለት ፌርማታ ያሳለፋትን ሹፌር። ከዚያ ከሆዷ ጀምራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለቀቀችው። ወፍራም ድምፅ አልነበረም። ቀጭን፣ ሰንጣቂ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ሲጎተት የሚወጣ ዓይነት፣ ማጅራት የሚያቆም ነገር ነበር። አያልነህ ግንቡን ተጠጋ። እትዬ ዝማም በስልኩ ውስጥም በውጭም ጎንበስ አሉ። እሳቱ በላያቸው አለፈ። ሮጡ፣ ሮጡ፣ ተሻገሩ።

«እልልልል! አለፍኩት! ዋጋውን ሰጠሁት!» ብለው ከድንጋዩ ላይ ብድግ አሉ።

ከዚህ በኋላ እኔም መያዝ አልቻልኩም። እትዬ ዝማም ተነሡ፤ «ና!» ሲሉት አህያው ሄደ፤ አህያው ሲሄድ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ሲከፈት ጠፍሩ ተቆረጠ፤ ጠፍሩ ሲቆረጥ መኪናው ዞረ፤ መኪናው ሲዞር ድንኳኑ ተሰፋ፤ ድንኳኑ ሲሰፋ ሻምበል ዙሪያውን በጣታቸው ፈትሸው «ተራ ቁጥር አንድ ተዘግቷል፤ ፈቅጃለሁ» አሉ፤ ሻምበል ሲፈቅዱ ጋሽ አንማው እድሩ ቤት በር ላይ እግራቸውን ከፍተው ቆሙ፤ ምንታምርም ስልኳን ዘረጋች። ጋሽ አንማው ጮኹ።

ወይ ጉድ! የመስኮት መስታወት ተንቀጠቀጠ። ዘንዶ ከተባለ ዘንዶ እሱ ነው። ምንታምር በደስታ ዘለለች። ዘላ ሳታርፍ ግን ሰፈሩ በሙሉ ሲጎርፍ አየች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ባለ ሱቁ ሱቁን ዘግቷል። አንዱ ጢሙን ግማሹን ተላጭቶ ግማሹን በሳሙና ይዞ መጥቷል። «ማን ነው? ማን ነው ያረፈው?»

«ማንም አላረፈም!» አሉ ሻምበል። «ዘንዶ ነው!»

ይህ ነገሩን አላረጋጋውም። እትዬ ስንዱ የሚባሉ ሴት ደግሞ ልቅሶውን ጀምረውት ነበርና፣ አንዴ ጀምሬዋለሁ ብለው ጥቂት አለቀሱ።

ለሙከራ የተተከለው ድንኳን ሥር ሁሉም ተቀመጠ። ምንታምር ላፕቶፗን አመጣች፤ የጋሽ አንማውን ድምፅ ጉሙ ውስጥ ከተተችና ለእትዬ ዝማም ሰጠቻቸው። እትዬ ዝማም ድልድዩን ረገጡ። ዘንዶው በጋሽ አንማው ጉሮሮ አገሳ። እትዬ ዝማም እጃቸውን ከላፕቶፑ አንሥተው ነጠላቸውን ሳቡና «ማን ነው?» አሉ። ተቃጠሉ። አያልነህ ሞከረ፤ «ኧረ ማን ሊሆን ይችላል?» ሲል ተቃጠለ። ጋሼ እንድሪስ «ኢና ሊላሂ» ብለው ሳይጨርሱ ተቃጠሉ። ሻምበል እንኳ፣ ያን ሁሉ ጦር ሜዳ ያለፉ ሰው፣ ድምፁን ሲሰሙ ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁና እንደ ቆሙ ከሰል ሆኑ። በዚያ ሰፈር ያን ድምፅ ሰምቶ ድንጋይ ሥር የሚደበቅ አንድ ሰው አልተገኘም።

ሰዉ ሳቀ። ጋሽ አንማው ግን አልሳቁም። «አያችሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ እሳቸው ዝቅ ሲሉ እንኳ ሁሉም ይሰማል። «ዕድሜዬን ሙሉ ጮኼ ለደስታ የጮኽኩበት አንድ ቀን የለም። ዛሬ ሆነልኝ ብዬ ነበር። ይኸው የሕፃን መጫወቻ ውስጥ እንኳ ገብቼ ሰው አስደነገጥኩ።»

ይህን ሲሉ ምንታምር ልቧ ተነካ። የራሷን ጭንቅ ረሳችው።

«የቅድሟን መልሺልን» አሉ እትዬ ዝማም በመሐሉ። «ያችን ሰንጣቂዋን። እሷ ነች ዘንዶ።»

«እሷ ለጊዜው ነበረች።»

«ለጊዜው ትሁና። እኔ በእሷ ነው የተሻገርኩት።»

ምንታምር ያን ሁሉ ሕዝብ አየች።  ስልኳን ለአያልነህ አስያዘችና እድርተኛው ሁሉ ፊት፣ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ለቀቀችው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አግዳሚ ወንበር ሥር ገባ። መደበቁ የሐዘን ሳይሆን የፍርሃት ነበር፣ ያውም ንጹሕ ፍርሃት። ለዘንዶው ያ ድምፅ ተቀመጠ፤ እስከ ዛሬም ማንም አላነሣውም።

ከዚያ ወደ ጋሽ አንማው ዞረች።

«ጋሽ አንማው፣ ዘንዶው መጨረሻ ላይ ይሞታል። ተጫዋቹ ተሻግሮ ከኋላው ሲገድለው ከድልድዩ ማዶ ያለችው ከተማ ነፃ ትወጣለች። ለሕዝቡ የሚነግርለት ግን የለም።»

ጋሽ አንማው ቀና አሉ። «ሕዝቡ ሲሰማ ምን ያደርጋል?»

«ይጨፍራል።»

«ቆይ» አሉ ሻምበል ከወንበር ሥር እየወጡ። «ዘንዶው የእድራችን አባል ነው?»

«አሁን ይሁን» አሉ ጋሼ እንድሪስ፤ ሁሉም እጁን አወጣና በሙሉ ድምፅ አለፈ። ጋሽ አንማው ጥሩምባቸውን አነሡ፤ ነፉ፤ ከዚያ እንዲህ ሲሉ ለፈፉ፦ «የድልድዩ ወዲህና የድልድዩ ማዶ ሰዎች ሆይ! ያ ስንቱን መንገደኛ ከሰል ያደረገው ዘንዶ አርፏል! ቀብር መውጣት አያስፈልግም፣ ጉሙ ቀብሮታል! በራችሁን ክፈቱ፣ ልጆቻችሁን ወንዝ ዳር ልቀቁ!» የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። ነጠላ አዘቅዝቀው የመጡት ሴቶች እልል አሉ። በጋሽ አንማው ድምፅ ላይ እልልታ ሲነሣ በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነበር፤ ሽማግሌው እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ምንታምር ከጠረጴዛዋ ጀርባ ቆማ ሰው ሲጫወት ታያለች። ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ጎረምሳ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ድልድዩን ረገጠ። ድንገት ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ጎንበስ አለ፣ ተደበቀ፣ ሮጠ፣ ተሻገረ። ማዳመጫውን አወለቀና፣ ክንዱ ላይ የቆመውን ፀጉር እያሻሸ፣ «ይሄ ደግሞ የምን ድምፅ ነው? የማን ነው?» አለ።

«የኔ!» አለች ምንታምር።

አዳራሹ ዳር ያሉት ሳይቀሩ ዞረው አዩ። «እ? ምን አልሽ?» ያላት ግን አልነበረም።

ተረቴን እዚህ ላይ አስሬዋለሁ። ለአፌ ዳቦ ያሰባችሁልኝ ካላችሁ ለአህያው ስጡልኝ፤ እኔ ሳወራ እሱ ቆሞ ነበር።